ለወራት የሰራንበት የላብራቶሪ ፍሉም፦ ውሃ ላይ ጎበዝ፣ አሸዋ ላይ ግን ይቀረዋል

ያለን 5 ሜትር ርዝመት 30 ሳንቲም ስፋት ያለው፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ስሎፑ (የወለሉ ተዳፋት) በጃክ የሚቀየር፣ ውሃውን ከስር ካለው ታንክ በፓምፕ እያዞረ የሚጠቀም ፍሉም፣ ማለትም የውሃ ፍሰት መሞከሪያ ቦይ ነው። ለወራት ያለ እረፍት ስለሰራንበት አሁን በደንብ መናገር እችላለሁ።

ንጹህ ውሃ ብቻ ከሆነ ምንም አይወጣለትም። የላይኛውን ጌት (የውሃ መዝጊያ) በትንሹ ከፍታችሁ የታችኛውን ጌት ቀስ እያላችሁ ስታነሱ ሃይድሮሊክ ጀምፑ (ፈጣኑ ውሃ ድንገት ዘግይቶ ከፍ የሚልበት ቦታ) ወደ ላይኛው ጌት እየመጣ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ይቆምላችኋል፣ ፍሩድ ነምበሩ (የፍሰቱ ፍጥነት ከጥልቀቱ አንጻር የሚለካበት ቁጥር) ከ4.5 እስከ 9 ከሆነማ ንቅንቅ የለም፣ ከ2.5 እስከ 4.5 ባለው ላይ ግን ይዋዥቃል ሞገዱም እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ያ የውሃው ጸባይ ስለሆነ ፓምፑን አትውቀሱ።

የስሎፕ መለኪያውን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። ታችኛውን ጌት ዘግታችሁ ውሃ ሙሉና ፓምፑን አጥፉ፣ ሲረጋ ፖይንት ጌጁን (የውሃ ከፍታ የሚለካውን ሹል መለኪያ) ከጫፍ ጫፍ እየገፋችሁ የውሃውን ወለል አንብቡ። በ5 ሜትር ላይ የ1 ሚሊሜትር ስህተት 0.0002 ስሎፕ ነው፣ 0.002 ላይ ለሚሰራ ሰው 10 ፐርሰንት ማለት ነው እኮ! የኛ ሲመጣ ልክ ነበር፣ አሁን ፈቀቅ ብሏል።

ወደ አሸዋው ስንመጣ፣ በመስታወቱ በኩል ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ግማሽ ሚሊሜትር አሸዋ አንጥፈን ውሃውን ከ6 ሳንቲም ሳናሳልፍ (ስፋቱ የጥልቀቱን 5 እጥፍ ካልሆነ የጎን ግድግዳው ውጤቱን ያበላሻል) ትንሽ ስንጠብቅ ሪፕሎቹ (ትናንሽ የአሸዋ ሞገዶች) ይወጣሉ፣ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ በቀሰስተኛው ጀርባ ወጥተው አናቱ ላይ ሲደርሱ በቀጥ ያለው ፊት ይንከባለላሉ፣ ሪፕሉም እንዲሁ እያለ ወደ ታች ይጓዛል። ሲጀመር ውሃውን ከታችኛው ጫፍ ቀስ ብላችሁ ሙሉት፣ ከላይ ከለቀቃችሁት ያስተካከላችሁት አሸዋ ባንዴ ይቦረቦራል።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ያለው የአሸዋ ማጠራቀሚያ ነው። በጣም አጭር ነው። ወፍራሙን ይይዛል፣ ደቃቁ ግን ሳይወርድ አልፎ ታንኩ ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ፓምፑ ይስበዋል። ድምጹ መቀየር ሲጀምር ፈታነው፣ የኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክፍል) ጠርዝ ተበልቶ ስስ ሆኗል፣ የፓምፑ ማሸጊያም (ሲል) ያንጠባጥባል። ለአምራቹ ጻፍን፣ መልሳቸው «ፓምፑ ለንጹህ ውሃ ነው» የሚል ነበር፣ እቃው ግን የተሸጠልን ለሴዲመንት (ለአሸዋና ደለል) ሙከራ ተብሎ ነው፣ ይሄ በጣም ያናድዳል። አሁን ማጠራቀሚያውን አስረዝመን ታንኩ ውስጥም መከለያ አቁመናል፣ በጣም ተሽሎታል።

ሌላው ሙቀት ነው። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲሰራ ውሃው ይሞቃል፣ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሄድ የውሃው ቪስኮሲቲ (ውፍረቱ) 20 ፐርሰንት አካባቢ ስለሚቀንስ ደቃቅ አሸዋ ቶሎ ይሰምጣል፣ ስለዚህ ቴርሞሜትር ሁሌ ውስጡ ይኑር።

ለማስተማሪያ ከሆነ ሳታመነቱ ግዙት። ለአሸዋ የምትፈልጉት ከሆነ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ፓምፑ አሸዋ ይችል እንደሆነና የማጠራቀሚያውን ርዝመት በጽሁፍ አስቀምጡልን በሏቸው።