ማይክሮቲክ ኤችኤፒ ኤኤክስ2፦ ዲዲኤንኤሱ ቀላል ነው፣ ፋየርዎሉ ግን ትዕግስት ይፈልጋል

ሱቁ ላይ ካሜራ አስገጥሞ ከሩቅ ማየት የፈለገ ሰው ቶሎ የሚገጥመው ጣጣ የአይፒ (የኢንተርኔት አድራሻው) መቀያየር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ አድራሻ ይዞ ይነሳል፣ ትናንት የሰራው ዛሬ አይከፍትም። እኔም ይሄን የላትቪያ ራውተር የገዛሁት ለዚሁ ነው።

ዲዲኤንኤሱ፣ ማለትም አይፒው ቢቀያየርም በማይቀየር ስም ራውተሩን የሚያስገኘው አገልግሎት፣ ምንም አያደክምም። ዊንቦክስን (የማይክሮቲክን ማስተካከያ ፕሮግራም) ከፍታችሁ «አይፒ»፣ ከዛ «ክላውድ» ውስጥ ገብታችሁ ማብራት ነው፣ በቃ። የራውተሩ ሴሪያል ቁጥር መጨረሻው ላይ «ኤስኤን ዶት ማይኔትኔም ዶት ኔት» ተቀጥሎበት ስም ይሆናችኋል። አይፒው መቀየሩን በየ60 ሰከንዱ ያያል። ሌላ ቦታ መመዝገብ የለም፣ ክፍያም የለም። ስሙ ግን አያምርም፤ የራሳችሁ ዶሜይን ካላችሁ በሲኔም ሪከርድ (አንዱን ስም ወደ ሌላ ስም በሚያዞር መዝገብ) ወደዚህ አዙሩትና ተገላገሉ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እዩ። ራውተሩ ከኢንተርኔት አቅራቢው የተቀበለው አይፒ በ100.64 እና በ100.127 መካከል የሚጀምር ከሆነ የውጩን አድራሻ ከብዙ ሰው ጋር እየተጋራችሁ ነው፣ ዲዲኤንኤስ ብቻውን ምንም አይፈይድላችሁም። ለዚህ ራውተርኦኤስ 7 (የራውተሩ ሶፍትዌር) ላይ «ባክ ቱ ሆም» የሚባል ቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ቤት ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር) አለ፣ በማይክሮቲክ ሰርቨር በኩል ዞሮም ቢሆን ያገናኛል።

ገንዘቡን የሚያስቆጨው ወይም የማያስቆጨው ግን ፋየርዎሉ፣ ማለትም የትኛው ግንኙነት እንደሚያልፍ የሚወስነው ክፍል ነው። ሲመጣ ያለው ሕግ ጥሩ ነው፣ ከውጭ ሳይጠራ የመጣን ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ይጥላል። ሕጎቹን እንደ በር ዘበኛ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ የገጠመውን ፈጽሞ የቀረውን አያይም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ለዋየርጋርድ (ሌላ የቪፒኤን ዓይነት) ፖርት 13231ን፣ ማለትም የመግቢያ በር ቁጥሩን፣ የሚፈቅድ ሕግ ይጽፍና ከሁሉም በታች ይተወዋል። በላዩ «ከላን (ከውስጥ ኔትወርክ) ያልመጣውን ሁሉ ጣል» የሚል ስላለ የፓኬት ቆጣሪው 0 ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሕጉን በማውስ ጎትታችሁ ከዚያ በላይ ስታደርጉት፣ ስልካችሁ በዋየርጋርድ ሊገናኝ ሲሞክር ቁጥሩ ወዲያው መውጣት ይጀምራል።

የካሜራውን ፖርት በቀጥታ ለውጭ አትክፈቱ፣ በዋየርጋርድ ግቡ። የዊንቦክስን ፖርት 8291ማ ጭራሽ! በ2018 በዊንቦክስ ቀዳዳ ስንቱ ራውተር ተጠልፎ የተጠቃሚዎቹን ብሮውዘር የሌላ ሰው ክሪፕቶ ማውጫ እንዳደረገ የሰማ ሰው ይሄን አይሞክርም። ፋየርዎል ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ «ሴፍ ሞድ»ን ተጫኑ፤ ራሳችሁን ከውጭ ብትቆልፉ እንኳ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ለውጡን ራሱ ይመልሰዋል።

ዋይፋይ 6 አለው፣ አምስቱም የኬብል ፖርቶች ጊጋቢት ናቸው፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ሰክቶ መርሳት ለሚፈልግ ሰው ግን አይሆንም፣ የሜኑው ብዛት ያዞራል። ስትገዙ እቃው ላይ ስቲከሩ መኖሩን እዩ። የመግቢያ ፓስዎርዱ እዛ ላይ ነው፣ ሪሴት ብታደርጉትም ያንኑ ነው የሚጠይቃችሁ።