ከራሽፎርድ ዘመቻ ቤታችን የገባው፦ የሄልዚ ስታርት ካርድና የዕረፍት ጊዜ ምገባ ሲመዘኑ

እግር ኳስ ተጫዋቹ ማርከስ ራሽፎርድ ለምርጫ ተወዳድሮ አያውቅም። ከቀድሞ ኳስ ተጫዋቾች ጆርጅ ዊሃ ከ2018 እስከ 2024 ላይቤሪያን በፕሬዚዳንትነት መርቷል፣ ሮማሪዮም ከ2015 ጀምሮ የብራዚል ሴናተር ነው። የማንቸስተሩ ልጅ ግን ፓርቲ ሳይገባ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ የእንግሊዝን መንግሥት ሁለት ጊዜ ውሳኔውን አስቀይሮታል። ጁን 15 ድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋም ምግብ እንዲያገኙ ለምክር ቤት አባላት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፣ በማግስቱ ለበጋው ዕረፍት የምግብ ቫውቸር ተፈቀደ። ኦክቶበር 21 ምክር ቤቱ ቫውቸሩ እንዲቀጥል የቀረበውን ሐሳብ 322 ለ261 ጣለው፤ በኖቬምበር ግን መንግሥት እንደገና ሐሳቡን ቀየረ።

ያ ሁሉ ጫጫታ ካለፈ በኋላ ሁለት ነገሮች በሥራ ላይ ቆይተዋል። አንዱ ገንዘቡ ከፍ ያለው የሄልዚ ስታርት ካርድ (ወተትና አትክልት የመሳሰሉ ምግቦች መግዣ)፣ ሌላው በአጭሩ ሃፍ የሚባለው የትምህርት ቤት ዕረፍት የምገባና የመዝናኛ ፕሮግራም ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ ሊያውቃቸው ይገባል፤ የሚገባቸው ሆኖ ሳለ የማይጠቀሙ ብዙ ናቸውና።

ከካርዱ እንጀምር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ፣ ከ10ኛ ሳምንት እርግዝና ጀምሮ ላሉ እናቶችና ልጃቸው 4 ዓመት ላልሞላው ወላጆች ነው። ሳምንታዊው 3.10 ፓውንድ የነበረው ከዘመቻው በኋላ፣ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ 4.25 ሆነ፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን እጥፉ፣ 8.50 ሆነ። በ2026 የበጀት ዓመት ወደ 4.65 እና 9.30 ከፍ እንዲል ተወስኗል። ገንዘቡ በየአራት ሳምንቱ ካርዱ ላይ ይገባል፣ ስለዚህ በአዲሱ ሒሳብ ለሕፃን በአንድ ጊዜ 37.20 ፓውንድ ማለት ነው። ለፎርሙላ (ለሕፃን የዱቄት ወተት) ለሚያወጣ ቤት ይህ ትንሽ ነው። በ2021 የተጨመረው ጥሩ ነበር፣ ግን ከዚያ በኋላ የምግብ ዋጋ ሲንር ካርዱ ለዓመታት ባለበት ቆመ፤ ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው።

ለሐበሻ ማጀት ግን ከሚታሰበው በላይ ይመቻል። ያልጣፈጠ የላም ወተት፣ ትኩስ፣ የቀዘቀዘ ወይም የታሸገ አትክልትና ፍራፍሬ፣ እንዲሁም ጥራጥሬ ይገዛል። ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ የቆርቆሮ ቲማቲም፣ ሁሉም ያልፋሉ። የማያልፈው ጨው፣ ስኳር፣ ስብ ወይም ቅመም የገባበት ነው። ቅመም ያለው ሽሮ፣ እንጀራ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የአጃ ወተት ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ፎርሙላ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ካርዱ የሚፈቅደው ከላም ወተት የተሠራውንና ጣሳው ላይ ከልደት ጀምሮ የሚል የተጻፈበትን ብቻ ነው። ከ6 ወር በኋላ የሚለው፣ ቁጥር 2 የሚባለው፣ አይፈቀድም፤ ለሕፃኑም አያስፈልገውም፣ እስከ አንድ ዓመት የመጀመሪያውን መቀጠል ይበቃል። የሁሉም ብራንድ የመጀመሪያ ፎርሙላ በሕግ የተወሰነውን የምግብ ይዘት ማሟላት ስላለበት ርካሹን መግዛት ልጅን አይጎዳም።

ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ ናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር፣ እርጉዝ ከሆኑ የመውለጃ ቀን ይጠየቃል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ድጎማ፣ ቤኔፊት) ላይ ያለ ሰው ከሥራ የሚያገኘው የቤተሰቡ ገቢ በወር 408 ፓውንድ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። ደሞዙ በየአራት ሳምንቱ የሚገባለት ሰው በአንድ የሒሳብ ወር ሁለት ክፍያ ከወደቀበት ከጣሪያው ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ውድቅ ቢባል ተስፋ ሳይቆርጥ በሚቀጥለው ወር እንደገና ያመልክት።

የእኛን ሰው በብዛት የሚጥለው ግን የስም አጻጻፍ ነው። ሲስተሙ የሚያነጻጽረው የቤኔፊቱ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ነው። ወልደማርያም መኖሪያ ፈቃዱ ላይ አንድ ቃል፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ላይ ሁለት ቃል ሆኖ ከተጻፈ፣ ወይም ኃይሉ አንዱ ጋ በአንድ ፊደል ሌላው ጋ በሌላ ከገባ፣ መልሱ «አልተገኘም» ይሆናል። ከማመልከትዎ በፊት የዩኒቨርሳል ክሬዲት አካውንትዎን ከፍተው ስሙንና አድራሻውን እዚያ እንዳለ ይገልብጡ። ቤት ቀይረው ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ያስተካክሉ።

ካርዱ ሲደርስ በስልክ ማንቃትና ፒን መቀበል ያስፈልጋል። ኦንላይን መግዛት ወይም ጥሬ ገንዘብ ማውጣት አይቻልም። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ላይ ችግር የለውም። የሰፈር ሱቅ ላይ እንቢ ካለ ግን ባላንስ ስላለቀ ላይሆን ይችላል። የክፍያ ማሽኑ በምግብ ሱቅነት ካልተመዘገበ ካርዱ አይሠራም፣ የገበያ ድንኳኖች ላይ የሚያጋጥመውም ይህ ነው። ልጅ ሲወለድ ደውሎ ማሳወቅም አይዘንጋ፤ ካልተነገራቸው የሕፃኑ እጥፍ ክፍያ አይጀምርም። ስኮትላንድ የራሷ ካርድ አላት። በአሳይለም (በጥገኝነት ጠያቂነት) ድጋፍ ላይ ያሉ ደግሞ ሄልዚ ስታርት አይሰጣቸውም፤ ለእርጉዝና ለሕፃን የሚሰጠውን ተጨማሪ የድጋፍ ገንዘባቸው በሚገባበት በአስፔን ካርዳቸው እንዲገባላቸው ከሆም ኦፊስ መጠየቅ አለባቸው።

ሃፍ በጥራት ከካርዱ ይበልጣል። በቤኔፊት ምክንያት ነጻ የትምህርት ቤት ምሳ ለሚያገኙ ከሪሴፕሽን እስከ ዪር 11 (ከ4 እስከ 16 ዓመት ገደማ) ላሉ ልጆች ነው። በበጋ አራት ሳምንት፣ በፋሲካ አንድ፣ በገና አንድ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ስፖርትና ጨዋታ፣ ቢያንስ አንድ ምግብ። ቦታው የሚያዘው በካውንስሉ (በአካባቢው አስተዳደር) ድረ ገጽ ሲሆን በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቱ የሚልከው ኮድ ያስፈልጋል። ጥሩዎቹ ክለቦች ቶሎ ይሞላሉ፣ ኮዱ በመጣ ዕለት ይያዙ።

የሚጾም ልጅ ካለ ፎርሙ ላይ ስለ ምግብ የሚጠይቀው ቦታ ዋና ነው። የገናው ሳምንት ሙሉ በሙሉ በጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል፤ የፋሲካውም ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። «ኦርቶዶክስ ነን» ብሎ መጻፍ ምግብ አዘጋጆቹን አይረዳቸውም። ቪጋን ብሎ መጻፍ ሁሉንም ይጨርሳል፣ ለማይጾመው ደግሞ የአሳማ ሥጋ እንዳይሰጠው ለብቻው ይጻፍ።

ለንደን ያሉ ወላጆች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉም ልጅ ምሳ በነጻ ስለሚበላ የነጻ ምሳ ፎርሙን ብዙዎች አይሞሉም። ያ ፎርም ካልተሞላ ልጁ በቤኔፊት ምክንያት የሚበላ ተብሎ ስለማይመዘገብ የሃፍ ኮዱ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ ምሳው ቢኖርም ይሙሉ።

ከራሽፎርድ ጥያቄዎች ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ የቆየው ነጻ ምሳን ዩኒቨርሳል ክሬዲት ለሚያገኙ ቤተሰቦች ልጆች ሁሉ መስጠት ነበር። 7,400 ፓውንድ የነበረው ዓመታዊ የገቢ ጣሪያ ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ እንዲነሳ የተወሰነው በጁን 2025 ነው። አምስት ዓመት መፍጀቱ ያሳዝናል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከጣሪያው በጥቂት ፓውንድ ያለፉ ሠራተኛ ወላጆች ሙሉ ሲከፍሉ ኖረዋል።

ሃፍ የማይሸፍነው የሃፍ ተርም ዕረፍቶችን፣ ማለትም በየትምህርት ወቅቱ አጋማሽ ያለውን የአንድ ሳምንት ዕረፍት ነው፤ የፌብሩዋሪው፣ የሜዩና የኦክቶበሩ ሳምንት ባዶ ናቸው። በኦክቶበር 2020 ያን ሁሉ ክርክር ያስነሳው ዕረፍት ራሱ እስከ ዛሬ በፕሮግራሙ አልተካተተም፣ ይህ ደግሞ ሊታለፍ የማይገባ ጉድለት ነው። አንዳንድ ካውንስሎች ለእነዚያ ሳምንታት የሱፐርማርኬት ቫውቸር ይልካሉ፣ ሌሎቹ አይልኩም። ዕረፍቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የትምህርት ቤቱን ቢሮ ይጠይቁ፤ ቫውቸሩ በኢሜይል የሚመጣና ጊዜው የሚያልፍበት ስለሆነ እነሱ ጋ ያለው ኢሜይል የሚከፍቱት መሆኑን ያረጋግጡ።