አሰላ ያለው የትራክተር ጥገና ቤት፦ ከመሬታችን የወጣውን የዛገ ብረት ምን እንደሆነ የነገሩኝ ሰውዬ

ይሄን የምጽፈው በተለይ ኢተያ፣ ሁሩታ፣ ሳጉሬ አካባቢ ድሮ እርሻ የነበረ ቦታ ላይ ቤት እየሰራችሁ ላላችሁ ነው። እኛ ኢተያ አጠገብ የሴፕቲክ ጉድጓድ ስናስቆፍር ከአንድ ሜትር ሳይወርዱ ዶማው ብረት መታ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሌላ፣ በሁለት ቀን 14 ቁራጭ ወጣ። ሁሉም በዝገት አብጦ አፈርና ብረቱ የማይለይ። ቁራሌው በር ላይ ቆሞ በኪሎ ልውሰደው አለኝ፣ ልሰጠውም ነበር እኮ፣ አያቴ ናት "ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከመሬት የወጣ ነገር አትሸጥም" ብላ የከለከለችኝ።

ጎረቤት ነው ወደ ጥገና ቤቱ የላከኝ። አሰላ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ ግቢው ውስጥ የተፈታ ኮምባይነር ስታዩ ደርሳችኋል። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው፣ በደርግ ጊዜ የመንግስት እርሻ ላይ መካኒክ የነበሩ ናቸው። ብረቶቹን በማዳበሪያ አድርጌ ወስጄ መሬት ላይ ስዘረግፍላቸው ወዲያው አላነሷቸውም፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ "አንድ ላይ ነው የተገኙት ወይስ ለየብቻ? የትኛው ከስር ነበር?" ብለው ነው። እኔ አላስታወስኩም። ስለዚህ እናንተ ስታወጡ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቢያንስ የቱ ከየት እንደወጣ እወቁ።

ከዛ የጥገና ቤቱ ልጆች ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩትና በማግስቱ በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት። አንዱ ሶስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ስስ ብረት ነበር፣ መዳፍ የማትሞላ፣ ሁለት ቀዳዳ ያላት፣ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ሪቬቱ ተሰብሮ የቀረባት። እኔ የበር ማጠፊያ ምናምን ነው ብዬ ነበር። ጋሼ ጠርዟን በጥፍራቸው ቧጨር ቧጨር አድርገው "ጥርሷን ንካው" አሉኝ፣ እውነትም እንደ መጋዝ ደቃቅ ጥርስ አላት። የኮምባይነር ቢላ ናት፣ እንደሷ ያሉ ብዙ ሆነው ረጅም ብረት ላይ ተደርድረው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ነው ስንዴውን የሚቆርጡት። በካሊፐር ሲለኳት 76 ሚሊ መጣች፣ 3 ኢንች ማለት ነው፣ አብዛኛው ኮምባይነርና ሳር ማጨጃ በዚህ ልክ ስለሚሰራ ከሷ ብቻ ተነስቶ ፋብሪካውን ማወቅ አይቻልም አሉኝ። በጣም የወደድኩላቸው ይሄን ነው፣ የማይለየውን አይለይም ይላሉ እንጂ ደስ እንዲልህ ብለው ስም አይለጥፉበትም።

ሌላው ጎድጎድ ያለ እንደ ሰሃን ዓይነት ዲስክ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ አራት ማዕዘን ከሆነ የመከስከሻ ነው (የታረሰውን አፈር የሚያደቀው)፣ ምክንያቱም ዲስኮቹ በሙሉ አንድ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ ተሰክተው አብረው ነው የሚዞሩት፤ ዙሪያውን የቡለን ቀዳዳዎች ካሉት ግን የማረሻ ዲስክ ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚታሰር። የኛው አራት ማዕዘን ሆነ። ይሄን አንዴ ከሰማችሁ ማንም ሳይነግራችሁ ትለያላችሁ።

ቤሪንጉ ደግሞ የሚገርም ነው። ዝገቱ ሲለቅ ጎኑ ላይ 205 የሚል ቁጥርና ሲ ሲ ሲ ፒ የሚመስል ጽሁፍ ወጣ። እኔ እንግሊዝኛ መስሎኝ፣ ለካ የራሽያ ፊደል ነው፣ ኤስ ኤስ ኤስ አር ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ሶቪየት ህብረት ማለት ነው። ስለዚህ ከ1991 በፊት የተሰራ ነው፣ እ.ኤ.አ ነው። ቁጥሩም ያወራል፣ የመጨረሻዎቹን 05 በ5 ስታባዛ 25 ይመጣል፣ የውስጡ ክብ 25 ሚሊ ነው፣ ለካነው፣ ልክ ነው።

አሁን ያላስደሰተኝን ልናገር። አንድ ትልቅ የጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት፣ ቁራጭ ነበር። ጊዛ ላይ ጽሁፉ ከብረቱ ጋር አብሮ ስለሚፈስ ወደ ውጭ ያብጣል፣ ተቀጥቅጦ የተሰራ ብረት ላይ ግን ብዙ ጊዜ በማህተም ተመትቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጁ ቸኩሎ ግራይንደር አስነካውና ያበጠው ጽሁፍ ግማሹ በደቂቃ ተላጠ። የተረፈው ትራክተር ሰሪው ማሲ ፈርጉሰን የሚጠቀምበት የሶስት ማዕዘኖች ምልክትና ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ማሲ ሃሪስና ፈርጉሰን የተዋሃዱት እ.ኤ.አ በ1953 ስለሆነ ከዛ ወዲህ እንደተሰራ አወቅን፣ ሙሉ ቁጥሩ ቢኖር ግን የየትኛው ሞዴል እንደሆነ እናውቅ ነበር። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ጋሼም ልጁን ተቆጡት፣ ግን የጠፋ ቁጥር አይመለስም። ግራይንደር አታስነኩ ብላችሁ ገና ስታስረክቡ ተናገሩ። የተረፈውን ጽሁፍ ጠመኔ ቀብተው በጎን ባትሪ ሲያበሩበት ነው በደንብ የተነበበው።

የቀሩትን ሁለት ብረቶች አይተው "ይሄ የኔ ስራ አይደለም ልጄ፣ የትራክተር አይደለም፣ ለእናቶች አሳይ" ብለው መለሱልኝ። ቤት ስወስዳቸው አያቴ አንዱን አገላብጣ እንኳን አላየችውም፣ "ወገል ነው" አለች። ማረሻውን ከድግሩ ጋር የሚያስረው ብረት። ሌላው ራሱ ማረሻው ነው፣ አንጥረኛ ጋር እየተመላለሰ ተስሎ ተስሎ ከስንዝር ያነሰ። አባቷ ጭላሎ ውስጥ ጢሰኛ ነበር፣ ካዱ የሚባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በፈረንጅ 1967 አሰላ ላይ ስራ ሲጀምር ምርት ጨመረ፣ ባለመሬቶቹም መሬቱ ሲያዋጣቸው ትራክተር አስገብተው ጢሰኛ ማስነሳት ጀመሩ፣ ቤተሰቧም ከተነሱት ነው። መሬት ለአራሹ የታወጀው በኛ የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፣ እነሱ ግን ቀድመው ወጥተው ነበር። ማሲውና ወገሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተኝተው ነበር ስላት ዝም ብላ ቆየችና ወገሉን በነጠላዋ ጠርጋ ይዛው ገባች።

ዋጋ፦ ለመለየቱ ምንም አልተቀበሉኝም፣ ለናፍጣውና ለማጽዳቱ 400 ብር ከፈልኩ። ከ5 ኮከብ 4 እሰጣቸዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለግራይንደሩ ነው። ህዳርና ታህሳስ አትሂዱ፣ የአጨዳ ሰዓት ስለሆነ ሁሉም ማሳ ላይ ናቸው፣ ክረምት ላይ ግን ጋሼ ቁጭ ብለው ነው የሚያስረዷችሁ። ደግሞ ክንፍ ያለው ወይ እንደ ጥይት የሾለ ድፍን ብረት ካገኛችሁ ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን ስለሚችል እሳቸውም ጋር እንዳትወስዱት፣ ሳትነኩት ለፖሊስ ደውሉ።