በሊድስ ካስል የልጆች መጫወቻ ውስጥ ለሚሠራው ሰው፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ስሙን ሳልጠይቀው ለተለየሁት ሰው ምስጋናዬን የማደርስበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ፣ በለንደንና በአካባቢዋ ልጆች ለምታሳድጉ ወገኖቼ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ሰውየው የሚሠራው በኬንት፣ ከሜይድስቶን ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሊድስ ካስል በተባለው ታሪካዊ ግንብ የልጆች መጫወቻ ውስጥ ነው። (ስሙ ያሳስታል፤ እኔም በሰሜን እንግሊዝ ያለችው የሊድስ ከተማ መስላኝ «ይህን ሁሉ መንገድ ማን ይሄዳል?» ብዬ ነበር።)

የሰባት ዓመት ልጄ በሁለቱም ጆሮዎቹ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋል። ባለፈው ዓመት ስሙን ወደማልጠራው ሌላ ታሪካዊ ግንብ ወስደነው፣ ሙሉ የመግቢያ ዋጋ ከፍለን ከገባን በኋላ፣ አንድ ተቆጣጣሪ ከኋላው ሲጠራው ስላልሰማ ብቻ «የማይታዘዝ ልጅ እዚህ አይጫወትም» ብሎ ክንዱን ይዞ ከመሰላሉ አወረደው። ምክንያቱን ሳስረዳው «ታዲያ ለምን ብቻውን ይለቁታል?» አለኝ እንጂ ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። በጽሑፍ ላቀረብሁት ቅሬታም የመጣልኝ መልስ ስለ ጉብኝታችን የሚያመሰግን ሁለት መስመር ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጄ ግንብ ሲባል አልሄድም ይል ጀመር። በፋሲል ግንብ ጥላ ሥር ድብብቆሽ ስጫወት ላደግሁት ለእኔ ለጎንደሯ ልጅ ይህ ምን ያህል እንዳንገበገበኝ መናገር አልችልም።

ሊድስ ካስል የሄድነው ታላቅ እህቱ ስለለመነችን ነው። ግንቡ በሐይቅ መካከል ባሉ ሁለት ደሴቶች ላይ የቆመ ሲሆን፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ለመጀመሪያ ሚስቱ ለካትሪን ያሳደሰው፣ በ1926 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌዲ ቤይሊ የተባሉት ባለጸጋ የገዙት ነው። ልጄ ግን ለነገሥታቱ ደንታ አልነበረውም፤ ከጥቋቁሮቹ የውኃ ወፎች ቀጥሎ ዓይኑ ያረፈው በእንጨት ግንብ አምሳል በተሠራው የትልልቆቹ ልጆች መጫወቻ ላይ ነበር። ለታናናሾቹ ለብቻው ሌላ አላቸው።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ከሸርተቴው ሲወርድ የግራ ጆሮው ባዶ መሆኑን አየሁ። መሣሪያው ከሆስፒታል በውሰት የተሰጠን ስለሆነ ደነገጥሁ፤ ከዚያም በላይ፣ ያው የዓምናው ቁጣ ሊመጣብን ነው ብዬ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሠራተኛው ወደ እኛ ሲመጣ ይቅርታ መጠየቅ የጀመርሁት እኔ ነኝ። እርሱ ግን እኔን ትቶ፣ ከልጄ ፊት ተንበርክኮ፣ ከንፈሩን ማንበብ እንዲችል ቀስ ብሎ «እናገኘዋለን» አለው። ከዚያም ማንም እንዳይረግጠው ሸርተቴውን ዘጋና፣ በዚያ ያሉትን ልጆች ሁሉ ሰብስቦ፣ ባላባት ወታደሮች በሌሊት ጠላትን እንደሚያዳምጡ ያለ ድምፅ እንዲቆሙ አዘዛቸው። መሣሪያው እየሠራ ሳለ በአንድ ነገር ከተሸፈነ እንደሚያፏጭ ሰውየው ከገዛ እናቱ ያውቅ ኖሯል። እኔም ፉጨቱን በየቀኑ እየሰማሁ፣ ለመፈለጊያ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለምን እንደሚያፏጭም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ያ ሁሉ ሲንጫጫ የነበረ ልጅ ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ትንሽ ልጅ ከመሰላሉ ሥር ወዳለው የቅጠል ክምር ጣቷን ቀሰረች፤ ሰውየውም ቅጠሉን በሁለት ጣቱ እያነሣ መሣሪያውን አወጣው። ለእኔ ሳይሆን ለልጄ፣ በመዳፉ ላይ አድርጎ ሰጠው። ዓይኔ እንባ ስላቀረረ በወጉ እንኳ አላመሰገንሁትም።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ውሰዱ፤ በተለይ እንደ እኔ «ልጄን ማን ያስቀይምብኝ ይሆን» እያላችሁ ቤት የምትውሉ እናቶች፣ እዚያ ሂዱ። ጥድ ከሚመስሉ 2,400 ዛፎች አጥር የተሠራውን፣ መንገዱ የሚያጠፋውን ጠመዝማዛ መተላለፊያም አትለፉት፤ መውጫው ከመሬት በታች ባለ ዋሻ ነው፤ እኛ ሁለት ጊዜ ጠፍተንበታል። መስተንግዷቸው የተባረከ ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጄ ራሱ ለምኖን ተመልሰን ነበር። ሰውየው የዕረፍት ቀኑ ሆኖ አላገኘነውም፤ ልጄ የሣለለትን ሥዕል፣ አንድ ትልቅ ጆሮ ያለው የእንጨት ግንብ ነው፣ ለባልደረባው ትተንለት መጣን።