ጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ከመግዛት በፊት፦ የዘር ሐረግ ወረቀት ወይስ የዲኤንኤ ምርመራ?

የ8 ሳምንት ቡችላ መልክ ብቻውን አያስተማምንም፤ ጆሮው ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ከ3 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ የወደቀ ጆሮ ድቅል አያሰኘውም።

ወረቀቱ እናትና አባቱን፣ አያት ቅድመ አያቱን ይዘረዝራል። ዋጋ የሚኖረው ግን የራሱ የቡችላው ከሆነ ነው፤ የሌላ ውሻ ወረቀት ይዞ የሚሸጥ አለ። ስለዚህ ከቆዳው ሥር ያለውን ማይክሮቺፕ (የመለያ ቁጥር የያዘች ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ቺፕ) በማንበቢያ መሣሪያ አስነብቡ፤ 15ቱም አሃዞች ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ወረቀቱን የሰጠውን የውሻ መዝጋቢ ክለብም ጠይቁ።

ለዲኤንኤ የጉንጭ ውስጡ በናሙና መውሰጃ ጥጥ ይታሻል። ቡችላው ገና ከጠባ የእናቱ ሕዋስ ሊቀላቀል ስለሚችል ለብቻው አቆይታችሁ ውሰዱ። ምርመራው ድቅልን ያጋልጣል፤ የዘር ሐረግ ወረቀትን ግን አይተካም።

እኛ ወረቀቱን እናስቀድማለን። ቺፕ ከሌለው ዲኤንኤ ይሠራ፣ ያውም ከእናትና አባቱ ጋር ተነጻጽሮ። ሻጩ እናቲቱን አላሳይም ካለ ቀብድ አትክፈሉ።