የእናቴን ዓይን ላተረፉልኝ የማርቆስ ሰዎች፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስና ዙሪያዋ ላላችሁ ነው። በተለይ ገጠር እናት አባት ላላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከተማችን ውስጥ አንድ የበጎ ፈቃድ ክበብ አለ። በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ማታ ይሰበሰባል። አባላቱ ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ነርሶች፣ አንድ ሁለት የባንክ ሰዎች ናቸው። «ስማችንን ተዪው፣ ሥራውን ጻፊ» ስላሉኝ ስም አልጠራም። ማርቆስ እንደሆነች ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የፈለጋቸው አያጣቸውም።

መጀመሪያ ግን ያንገበገበኝን ልተንፍሰው።

እናቴ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ገጠር ነው የምትኖረው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ዓይኗን ያማታል። ያለቅሳል፣ ይቀላል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይብስበታል። አንገቷ ላይ ከማተቧ ጋር ወረንጦ ታስራለች። የገጠር ልጅ ያውቀዋል፣ እሾህ ማውጫው። እሷ ግን ሽፋሽፍቷን ነው የምትነቅልበት። ጠዋት ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ጎረቤቷን ጠርታ «እስቲ ይችን ንቀይልኝ፣ ወጋችኝ» ትላለች። ልጅ እያለሁ እኔም ነቅዬላታለሁ። የተነቀለው መልሶ ሲበቅል ደግሞ አጭርና ጠንካራ እየሆነ የባሰ ይወጋታል።

ማርቆስ መጥቼ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ስከፍት «አሁንማ ላሳክማት» አልኩ። ያኔ ነው ጉዱን ያየሁት። አንደኛው ቦታ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ስልኩን እየነካካ «ዕድሜ ነው» አለና መነጽር አዘዘ። ዋጋውን አልናገርም፣ ያመኛል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በማንበቢያ መነጽር ምን ልታነብ ነው? ግን ልጄ ደክማ የገዛችልኝ ነው ብላ ገበያ አድርጋው ትወጣ ነበር። አንድ ቀን መሬቱን አሳስቷት ቦይ ውስጥ ወደቀች።

ሌላኛው ቦታ ደግሞ ጠብታ። ጠብታው ሲያልቅ ሌላ ጠብታ። «ሐኪሙ የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይባላል፣ ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ። የአልጋው፣ የምግቡ፣ የመኪናው ወጪ አለ። ቶሎ እንድትታይልሽ ከፈለግሽ ብሎ እጁን የዘረጋም ነበር። ሁሉም ለየራሱ ይወቀው፣ እግዜር ይይላቸው።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን «ነፃ ሕክምና» ብለው ሰፈራችን ድረስ የመጡት ናቸው። ባነር ዘረጉ፣ ስም መዘገቡ፣ አሮጊቶቹን አሰልፈው ፎቶ አነሱ። ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆኑ። የእናቴ ፎቶ የሆነ ቦታ ተለጥፎ ይሆናል። ዓይኗ ግን እንደታመመ ቀረ።

ስለዚህ ስለ ክበብ፣ ስለ ማኅበር ሲወራ ጆሮዬን ነበር የምደፍነው።

አንድ ቀን የክበቡ ጸሐፊ ፍላሽ ይዘው ሱቄ መጡ። የስብሰባ መርሐ ግብር ነው፣ አትሚልኝ አሉ። ስከፍተው የእንግዳው ተናጋሪ ርዕስ እንዲህ ይላል፤ «ትራኮማና ወረንጦ»። ወረንጦ የሚለውን ሳይ እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። «ጋሼ፣ እኔም መምጣት እችላለሁ?» አልኳቸው። «በሩ ክፍት ነው ልጄ፣ ብቻ ሰዓት አክብሪ» አሉኝ። ቅናሽ ላደርግላቸው ብል እምቢ ብለው ሙሉውን ከፍለው ሄዱ።

ስብሰባቸው ገረመኝ። እኛ አገር ስብሰባ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። እነሱ በሰዓቱ ትንሽ ደወል ይመታሉ፣ አለቀ። የዘገየ ቅጣት ይከፍላል፣ ሊቀ መንበሩም ቢሆን። ቀኑ ረቡዕ ነውና ሻይና ቆሎ ይቀርባል። የእንግዳው ጊዜ ሲያልቅ ደወሉ ይመታል፣ ከዚያ ጥያቄ። «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ የለም።

ሊቀ መንበሩ ለእኛ ለአዲሶቹ ስለ እንዲህ ያሉ ክበቦች አመጣጥ ትንሽ ነገሩን። ሮታሪን እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ የጀመረው ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ነው። መጀመሪያ የሚሰበሰቡት እንደኛ ጽዋ ማኅበር በየተራ በአባላቱ ቢሮ ነበር አሉ። ላይንስ የሚባለው ሌላው ክበብ ደግሞ በ1917 እዚያው ቺካጎ ተመሠረተ። በ1925 ማየትም መስማትም የማትችለው ሄለን ኬለር ጉባኤያቸው ላይ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ጠየቀቻቸው። ከዚያ በኋላ የዓይን ነገር የላይንስ ዋና ሥራ ሆነ። እኛ ክልል ውስጥም የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ካርተር ካቋቋሙት ከካርተር ማዕከልና ከጤና ቢሮ ጋር ሆነው ትራኮማን፣ ይህን ዓይን የሚያጠፋ በሽታ፣ ሲታገሉ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ «በዘንግ እየለኩ ክኒን ያደሉን» የምትለው ለካ ይኸው ዘመቻ ኖሯል! ዘንጉ የክኒኑን መጠን በቁመት ለመወሰን ነው። መድኃኒቱን የሚለግሰውም ፋይዘር የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ነው አሉ። እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ።

የዕለቱ እንግዳ የዓይን ነርስ ነበር። ወጣት ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ትራኮማ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ነገረን። በልጅነት እየተመላለሰ ሲይዝ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠባሳል። ከዓመታት በኋላ ቆቡ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ይፍቃል። ሴቶች ላይ የሚብሰው ሕፃናቱን ይዘው ስለሚውሉ ነው አለ። ከዚህ በላይ የተናገረውን እኔ አልተከታተልኩም። እናቴን እያሰብኩ ነበር።

ጥያቄ ሲባል እጄን አወጣሁ። ስለ እናቴ፣ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ጠብታው ሁሉንም ዘረገፍኩት። ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። ማንም አላቋረጠኝም። ነርሱ ሰምቶ ሲጨርስ «ወረንጦ አንገታቸው ላይ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። «እንግዲያው መነጽር ምን ያደርጋል? ይምጡ፣ እኔ ላያቸው» አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንከራተት ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ!

ክበቡ ለካ በዚያ ሰሞን ከጤና ጣቢያው ጋር ሆኖ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ እያዘጋጀ ነበር። ሕክምናው በነፃ ነው። ክበቡ የሚያግዘው በመጓጓዣ፣ በምግብና በአስታማሚ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ስንቱ የገጠር ሰው «ነፃ ነው» እየተባለ የሚቀረው የሚያመጣውና የሚያስታምመው አጥቶ ነው።

እናቴ ስትመጣ ነርሱ ቆቧን በጣቱ ገልበጥ አድርጎ በባትሪ አየ። ደቂቃም አልፈጀም። «እናቴ፣ ይህ ሁሉ ዓመት በዚህ ነው የኖሩት?» አላት። እናቴ ዝም አለች። ከዚያ «ቢላዋስ ዓይኔን አይነካም» ብላ እርፍ!

አሁን ነው ዋናው ነገር። ከክበቡ አባላት አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልቅሼ ነገርኳት፣ እናቴ ወይ ፍንክች። እትዬ መጥተው አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ስለ ሕክምናው ምንም አላነሱም። ወረንጦዋን ከአንገቷ ሳያወልቁ በእጃቸው ያዝ አደረጉና «ማን ሠራልዎ? ጥሩ ብረት ነው» አሏት። እናቴ ስለ ቀጥቃጩ ማውራት ጀመረች። ከዚያ ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ። ቆይተው «የእኔም እናት ነበራቸው። እስከ መጨረሻው ሲነቅሉ ኖረው ነው ዓይናቸው የጠፋው» አሏት። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «እርስዎ ከጎኔ ይሆናሉ?» አለች። «የት ልሄድብዎ!»

ቃላቸውን ጠበቁ። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ የሚያደነዝዝ መርፌ ወግተው ቆቡን ያስተካክሉታል። እኔ እንኳን ገብቼ ላይ በመስኮትም አላየሁም። እትዬ ግን እጇን ይዘው ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ ስለተሠሩ እስከ ማግስቱ ተሸፍነው አደሩ። ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት በእጃቸው እየመሩ ወሰዷት። እራቷን በእጃቸው አጎረሷት። እኔ ልጇ እዚያው ቆሜ «እኔ ላድርገው» ስል «አንቺ ነገ ሱቅ ትከፍቻለሽ፣ ተኚ» አሉኝ። ደመወዝ የላቸው፣ ዝምድና የላቸው። አሁን እናቴ «እህቴ» ነው የምትላቸው። የገና ዶሮ ልካላቸዋለች። አልቀበልም ብለው ተጣልተው ታረቁ።

እውነቱን ለመናገር የጠፋው ብርሃን አልተመለሰም። አንደኛው ዓይኗ ላይ የቀረ ጠባሳ አለ። ይህንንም ነርሱ ቀድሞ ነግሮናል፣ «ሕመሙንና የባሰውን እናስቆማለን፣ ያለፈውን አንመልስም» ብሎ። ፀጉሩ እንደገና ሊታጠፍ ስለሚችልም በቀጠሮ ያዩአታል። ግን መውጋቱ ቆመ። ዕንባው ቆመ። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ወረንጦውን አሁን ለእሾህ ሆኗል የምትጠቀምበት።

እኔም ከዚያ ወዲህ ከስብሰባው አልቀርም። እንግዶቻቸው ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዱ ስለ ጣናና ስለ እምቦጭ ተናገረ። አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ አፈር አሲዳማነት ሲያስረዳ የማቻከልና የጎዛምን ገበሬ ለምን ማዳበሪያ ጨምሮም ምርቱ እንደሚያንስበት ገባኝ። ኖራ ያስፈልገዋል። ስለ ፖሊዮም ሰማን፤ ሮታሪ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ሲደክምበት ቆይቶ በ2020 አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መባሏን። ክረምት ላይ ችግኝ ይተክላሉ። መትከሉንስ ሁሉም ይተክላል፣ እነሱ ግን በበጋ ተመልሰው ውሃ ያጠጣሉ። መስከረም ላይ ለተቸገሩ ልጆች ደብተር ያከፋፍላሉ። ሲሰጡ ልጆቹን ፎቶ አያነሱም። እኔ ይህን ሳይ ነው ልቤ ሙሉ በሙሉ ያረፈው።

ጉድለት የላቸውም አልልም። ሒሳብ ሪፖርት ላይ በሳንቲም ይከራከራሉ፣ ያደክማል። ወጣትም አንሷቸዋል። ለዚህም ነው የምለምናችሁ። ማርቆስ ያላችሁ ወጣቶች፣ ማታ ካፌ ከምንቀመጥ እንምጣ። ገጠር እናቱ አንገት ላይ ወረንጦ ያለ ሰው ደግሞ ዛሬ ነገ አይበል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የትራኮማ ቀዶ ሕክምና መቼ እንደሆነ ጠይቁ። የሚያስታምም ካጣችሁ ክበቡን ጠይቁ። እኔ ሱቅ ብትመጡ ራሴ ይዣችሁ እሄዳለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ መነጽር አትግዙ፣ መጀመሪያ ቆቡን ገልብጦ የሚያይ ሰው ፈልጉ።

እትዬ፣ ይህን የሚያነብልዎ ካገኙ፣ እናቴ ሰላም ብላዎታለች። ጋሼም፣ ነርሱም፣ ሁላችሁም ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

የሚመጣው ረቡዕ እንግዳዋ የንብ ባለሙያ ናት፣ ስለ ጎጃም ማር ነው የምታወራው። መርሐ ግብሩን አሁን አትሜ ጨረስኩ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደወል ይመታል። ከዘገያችሁ ቅጣቱን ይዛችሁ ኑ፣ ባለፈው እኔንም አልማሩኝም።