የቡቺ ጆሮና የደብረ ብርሃን ሐኪሞች

ለገና ወደ ቤተሰብ ስሄድ ስለ ሆቴሉም ስለ መንገዱም እጽፋለሁ ብዬ ነበር። መንገዱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ብቻ ጃኬት እንዳትረሱ፣ የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ብርድ ቶሮንቶ ለኖረም አይራራም። ሆቴሉን ተዉት። የሚወራው የቡቺ ጆሮ ነው።

ቡቺ የእማዬ ውሻ ነው። የደረስኩት ገብስ ሲወቃ ነበር፤ እሱም አውድማው ላይ ሲንከባለል ይውላል። አንድ ቀን ማታ ድንገት ራሱን ያራግፍ ጀመር። ግራ ጆሮውን ዘቅዝቆ ይሄዳል፣ በእግሩ ይቧጥጣል፣ ስነካው ይጮኻል። እማዬ «ቅቤ አቅልጠሽ ጠብ አድርጊለት» አለችኝ። እሺ አላልኩም። የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ከሆነ የሚገባው ነገር ሁሉ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ አንዳንድ የጆሮ ጠብታ እንኳ ያኔ ያደነቁራል።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ነው። ልጁ ከባንኮኒው ሳይነሳ «ቅንቅን ነው» ብሎ አይቨርሜክቲን የሚባል የበግ የተባይ መድኃኒት አወጣ። ውሻው ስንት ኪሎ ነው? አልጠየቀም። ጆሮውን እንይ? አላለም። የጆሮ ቅንቅን ቢሆን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጆሮ ይይዛል፤ ውስጡም የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ ይሞላል። የቡቺ ግን አንዱ ብቻ ነው፣ ንጹሕም ነው። ሳልገዛ ወጣሁ።

በማግስቱ የመንግሥት እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ግቢው በበሬና በአህያ ተሞልቷል፤ ውሻ በገመድ ይዤ ስገባ ሰዉ ሳቀብኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠብቀናል፣ መቀመጫም የለም። ሐኪሙ ግን ሐኪም ነው። «እህቴ፣ መቼ ጀመረው? ቤት ውስጥ ድመት አለ?» አለኝ። ለካ ቅንቅን ከድመት ወደ ውሻ ስለሚተላለፍ ሁለቱም አብረው ካልታከሙ ዋጋ የለውም። ከዚያ የቡቺን አፍ በፋሻ አሰረ፤ ጋሼ ከኋላ ያዘልኝ። በመብራት ውስጡን አየና «ይኸውላችሁ» አለ።

የውሻ ጆሮ ቀዳዳ ቁልቁል ወርዶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። እጥፋቱ ላይ አንድ የገብስ ጢም ተሰክቷል። ጢሙ ጥርስ ስላለው ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይመለስም፤ ውሻው ባራገፈ ቁጥር ይገባል። በረጅም ወረንጦ ቀስ ብሎ ሳበው። የጣቴን አንጓ የምታህል ቢጫ ነገር! እማዬ አማተበች።

ታምቡሩ ደህና መሆኑን አይቶ የሳምንት ጠብታ አዘዘልን። አጠባውንም አሳየኝ፤ ለብ ያለውን የጆሮ ማጠቢያ ፈሳሽ ጆሮው ውስጥ መሙላት፣ ሥሩን ማሸት፣ ከዚያ ራሱ እንዲያራግፍ መልቀቅ። የሚጠረገው ደጅ ደጁ ብቻ ነው። የጥጥ እንጨት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ስለሚገፋው አትንኪው አለኝ።

ያስከፈሉኝን አልናገርም፣ ታፍሩልኛላችሁ። ቶሮንቶ ለካርድ እንኳ አይበቃም። የምትሄዱ ከሆነ በገበያ ቀን አይሁን፣ አፍ ማሰሪያም ከቤት ያዙ። ማደንዘዣ ስላልነበራቸው ውሻችሁ ተናካሽ ከሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ቡቺ በሦስተኛው ቀን አውድማው ላይ ተመልሷል፤ እኔም ማታ ማታ ጆሮውን በስልኬ መብራት ስፈትሽ ከረምኩ።